ለዘርፈሽዋል የቻይና ዋሽንት መምህር ሽማግሌ ሆነን የሄድን ጊዜ

ሽምግልና ብዙ ሄጃለሁ። ሚስት ጠይቄያለሁ፣ ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፣ በመኪና ግጭት የተኳረፉ ወንድማማቾችንም አንድ ገበታ ላይ አስቀምጫለሁ። ለዋሽንት መምህር ሽማግሌ ሁን ስባል ግን የመጀመሪያዬ ነው። ምናሉ እባላለሁ፤ ዴንቨር ኤርፖርት ሰው ሳመላልስ ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የማወራችሁ ስለ ራሴ አይደለም፣ ስለ ዘርፈሽዋል ነው። ስለ እሷ የሚያወራው ሁሉ የማያውቅ ስለሆነ ዝም ማለት አቅቶኝ ነው።

ዘርፈሽዋል ግሪን ቫሊ ራንች በሚባለው ሰፈር ከኛ ሁለት ቤት አልፋ ነው የምትኖረው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ሶልያና የምትባል አንድ ልጅ አለቻት። ያቺን ልጅ አሳድጋ ኮሌጅ ያስጨረሰቻት ዳውንታውን አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ሎንድሪ ክፍል ውስጥ አንሶላና ፎጣ እያጠበች ነው። አንድ ቀን መኪናዋ ተበላሽቶ ልወስዳት ሄጄ ያንን ክፍል አይቼዋለሁ። በሩ ሲከፈት የማሽኑ ጩኸት ደረቴን ነው የመታኝ። ሰላም ብላት አልሰማችኝም፤ እኔም ራሴን አልሰማሁም። እዚያ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ቆማለች።

ባለፈው ዓመት ስትጠራ ዞር የማትል ሆነች። ብርቅነሽ፣ ያቺ ሰው ካላማች እንጀራ የማይወርድላት፣ «ቤት ገዛች፣ ኮራች» እያለች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ታዳርስ ጀመር። ነገሩ ሌላ ነው። ሐኪሙ የግራ ጆሮሽ አልቋል፣ ቀኙም እየሄደ ነው፣ ጩኸት ነው የበላው ብሏታል። መቼ ነው የሚያበቃለት ብትለው ሁለት ዓመትም ሊሆን ይችላል፣ አምስትም፣ እርግጡን አላውቅም አላት። ሆቴሉስ? ሱፐርቫይዘሯ «ሶሪ» ብሎ አንሶላ ማጠፊያው ጋ ቀየራት። ሶሪ! እግር ረግጠህ ነው እንጂ ለጆሮ ሶሪ ይባላል? ወይ ነዶ!

ያን ዕለት ከሐኪሙ ወጥታ ሎውሪ ያለው ፓርክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ አንድ ሽማግሌ ቻይና ዛፍ ሥር ቆሞ በአግድም የሚነፋ ዋሽንት ሲነፋ ሰማች። ዲዚ ይሉታል፤ ከቀርከሃ ነው የሚሠራው። ድምፁ ቀጭን ሆኖ ይነዝራል። «ጋሼ ምናሉ» አለችኝ በኋላ፣ «ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ድምፅ ሳይሸራረፍ ሙሉውን ገባልኝ። ጆሮዬ ሳይሄድ ይሄንን እማርበታለሁ።» ይኸው ነው። ለራሷ ብላ አንድ ነገር ስትፈልግ ያየኋት ያኔ ነው።

ሶልያና ኦንላይን ኦርደር አደረገችላት። ዋሽንቱ መጣ፤ ዘርፈሽዋል ብትነፋው እፍፍ ከማለት በቀር ወይ ፍንክች። ኋላ ስናጣራ ለካ ከመንፊያው ቀዳዳ ቀጥሎ ባለው ቀዳዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ከሸምበቆ ውስጥ የሚወጣ ስስ ልጣጭ አለ፤ ያ ካልተለጠፈ ድምፅ የለም። በትንሽ ፖስታ ተደርጎ አብሮ መጥቶ ነበር። የዕቃ መጠቅለያ መስሏት ከካርቶኑ ጋር ጥላዋለች። «ማሚ፣ ጀስት ዩቲዩብ ኢት» አለቻት ልጅቷ። የስልክ ድምፅ ለዚያ ጆሮ ምን ሊሆን! አጠገቧ ቆሞ የሚነፋላት ሰው ነበር የሚያስፈልጋት።

አሁን የሰዉን አፍ ስሙልኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከበቧት። አንዱ «በዚህ ዕድሜሽ ፉጨት?» ይላታል። ሌላዋ «ሊደነቁር ለሄደ ጆሮ ሙዚቃ ምን ይሠራል?» ትላለች፤ እሷ ፊት፣ አልሰማችም ብላ! ብርቅነሽ ደግሞ «የራሳችን ዋሽንት እያለ የቻይና ምን አስፈለገ? ባህላችንን ንቀሽ ነው» አለች። ደሜ ፈላ። «ብርቅነሽ፣ ልጅሽን ፒያኖ የምትወስጃት ፒያኖ ጎንደር ተሠርቶ ነው?» አልኳት። አኮረፈችኝ፤ ታኩርፍ። ሰው ወደደ፣ አለቀ። ምን አገባችሁ?

ፓርኩ ብትመላለስ ሰውየውን አላገኘችውም፤ አንድ ቅዳሜ ዘርፈሽዋል አውሮራ ወደሚገኝ የቻይና ግሮሰሪ ሄዳ፣ ሎውሪ ፓርክ የሚነፋ ሽማግሌ ታውቂያለሽ ወይ ብላ ካሸሯን ጠየቀች። ካሸሯ ሳቀች፤ ሚስተር ፋን ነው፣ ለልጆች ያስተምራል አለቻትና ስልኩን ሰጠቻት። ዘርፈሽዋል ስልኩን በስፒከር ከፍ አድርጋ ደወለች። ሌላ ሰው ቢሆን የጆሮውን ነገር ይደብቅ ነበር፤ እሷ መዋሸት አይሆንላት፣ ሁሉንም ነገረችው። እሱም «ትልልቅ ሰው አላስተምርም፤ በሦስት ሳምንት ይተዋሉ። የማይሰማ ሰው ደግሞ ጨርሶ አላስተምርም» ብሎ ዘጋው። ደግማ ብትደውል አላነሳም።

እኔ ቤት መጥታ ስትነግረኝ ዓይኗ ደም መስሏል። «ተይው እንግዲህ» አልኳት። «ጋሼ፣ ምን ጊዜ አለኝና ነው የምተወው?» አለችኝ። ምን ትላላችሁ? ቀጥላ «ሽማግሌ ልላክበት» አለች። ልስቅ ስል ፊቷን አየሁና ተውኩት። ለሚስት የሚኬደው ለመምህር የማይኬድ በየትኛው ሕግ ነው?

ሦስት ሆነን ሄድን። እኔ፤ ከከዘራው የማይለየው ፍቅረየሱስ፣ በደብራችን ትልቅ የሚባለው ሰው፤ ሦስተኛው አብዱልናስር። አብዱልናስር የሰፈራችን የሞባይል ሱቅ ባለቤት ነው፤ እንግሊዝኛው ከሁላችንም ይሻላል። እኛ ነጠላ አጣፍተን፣ እሱ ኮፍያውን አድርጎ በኔ መኪና ሎውሪ ደረስን። መንገድ ዳር ፓርክ አደረግኩ። አድራሻውን ከስልክ ቁጥሩ ፈልጋ አግኝታ ቤቱን ልታሳየን አብራን የመጣችው ሶልያና «ኦ ማይ ጋድ፣ አይ ካንት» ብላ መኪና ውስጥ ሻሽዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

በሩን ሚስተር ፋን ራሱ ከፈተ። ዕድሜው ከኛ በላይ ነው፤ ቀጭን፣ ሹራብ የለበሰ። ፍቅረየሱስ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብሎ ጀመረ፣ አብዱልናስር ተረጎመ፦ «ለአንዲት እህታችን ልመና ይዘን ነው የመጣን።» ሰውየው ግራ ገባውና፣ ሽማግሌ ሲያይ መቼም ባህሉ ነው፣ በረንዳው ላይ ወንበር አወጣ። ተቀመጡ አለን። አልተቀመጥንም። ሻይ አመጣ። አልነካንም። ፍቅረየሱስ «እሺታዎን ሳንሰማ አንቀመጥም፤ የቤትዎንም አንቀምስም» አለ። ደንብ ነው! የልጅ እናትና አባት ይሄን ሲሰሙ ይገባቸዋል። ሚስተር ፋን ግን የተቆጣን መሰለው። ወንበሩን ገፋ ገፋ አደረገልን፤ እኛ ቆመናል። ሻይውን ወደ እጃችን አቀረበ፤ እኛ እጃችንን ሰበሰብን። ለሰሚውም ግራ ነው።

አብዱልናስር የመጣንበትን ነገረው። ሚስተር ፋን ራሱን ነቀነቀ። «ለሴትየዋ ነግሬያታለሁ፣ አይሆንም» አለ። ፍቅረየሱስ ከዘራውን ተደግፎ «እንግዲያው እንቆማለን» አለ። ቆምን። ጉልበቴ የሚታዘዝ ጉልበት አይደለም፣ ግን ቆምኩ።

በዚህ መሐል የፖሊስ መኪና መጥቶ ከኔ መኪና ኋላ ቆመ። የማዶ ጎረቤት መጋረጃ እየገለጠች ስታየን ቆይታ ለካ ደውላለች! ሦስት ጥቁር ሰዎች ነጭ ለብሰው አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆመው አንሄድም አሉ ብላ። እኛን! የሦስታችን ዕድሜ ቢደመር ሁለት መቶ ያልፋል፤ አንዱ በከዘራ ነው የሚሄድ፤ ምን ልንሰርቅ፣ ሻዩን? ሶልያና ከመኪናው ዘልላ ወርዳ ስታለቅስ ሳይ ደግሞ ንዴቴ ባሰ። የራሷ አገር ላይ፣ የራሷ ከተማ ውስጥ፣ እጇን ከፍ አድርጋ እየሄደች ነበር። እዚህ የተወለደች ልጅ!

ፖሊሱ ልጅ እግር ነው፣ ክፉም አልነበረም። «ሰር፣ ችግር አለ?» አለው ሚስተር ፋንን። ሚስተር ፋን መጀመሪያ ፖሊሱን፣ ከዚያ የማዶዋን መጋረጃ፣ ከዚያ የሶልያናን እጅ አየ። ፊቱ ቀላ። ያን ጊዜ ያ ቀጭን ሰውዬ የተቆጣውን ቁጣ እኔም አልቆጣውም። «ምን ችግር? እንግዶቼ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። ፖሊሱ «ለምን ጉዳይ መጡ?» ሲለው ጣቱን ወደኛ ቀስሮ «የተማሪዬ ቤተሰቦች ናቸው!» አለ።

አብዱልናስር አላስጨረሰውም። «ሰማህ?» አለው ፖሊሱን። «የተማሪዬ ብሏል፤ አንተ ምስክር ነህ!» ከዚያ ወደኛ ዞሮ በአማርኛ «ተቀመጡ፣ አለቀ» አለን። ሦስታችንም አንድ ላይ ቁጭ አልን፤ ሻያችንን አነሳን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ሚስተር ፋን ቆሞ አየን፤ ፖሊሱም ምን እንደተፈጸመ ሳይገባው ቆሞ አየን። ኋላ ሚስተር ፋን አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። «ቅዳሜ ጠዋት ትምጣ» አለ። ፍቅረየሱስ ተነስቶ መረቀው፣ አብዱልናስር ምርቃቱን በእንግሊዝኛ አንድ አረፍተ ነገር አድርጎ አሳጠረበት። ሶልያናን ሚስተር ፋን ራሱ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣት። ጎረቤትየዋ ግን ይቅርታ ልትል አልወጣችም። እስካሁንም አልወጣችም።

ቅዳሜ ዘርፈሽዋልን ይዣት ሄድኩ። ሳሎኑ ጠባብ ነው። ሚስተር ፋን ዋሽንቷን ተቀብሎ አገላበጠ፤ ልጣጩን እንደጣለችው ሲሰማ አንገቱን ነቀነቀ። ከራሱ አንድ ቆረጠ፣ ነጭ ሽንኩርት ከፍሎ ጭማቂውን በቀዳዳው ዙሪያ ቀባ፣ ልጣጩን ለጠፈ። ዘርፈሽዋል ወደ አፏ ልታስጠጋ ስትል «ቆይ» አለና ሄዶ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አመጣ። ውስጡ ብጫ ብጫ፣ ለስላሳ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ ስፖንጆች ሞልተውበታል።

«የዲዚ ድምፅ ኃይለኛ ነው፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ጆሮ ይጎዳል» አላት። «በቀኝ ጆሮሽ አድርጊ። እኔ ዘንድ የሚማር ልጅ ሁሉ ያደርጋል።» አንዱን በጣቱ ጠቅልሎ አቅጥኖ እንዴት እንደሚገባ አሳያት። ዘርፈሽዋል ተቀብላ አየችው፤ ጨመቀችው፤ ተመልሶ ሲነፋ ጠበቀችው።

«ይሄ ለሎንድሪ ማሽንም ይሆናል?» አለችው።

«ለማንኛውም ጩኸት ይሆናል» አላት። «ሥራ ቦታሽ አልሰጡሽም?»

እኔ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፤ መሳደብ አምሮኝ የምሰድበው ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። እሷ ስፖንጇን ጆሮዋ ውስጥ አስገባች፣ ዋሽንቱን አነሳች፣ ነፋች። ሦስት ጊዜ እፍ አለ። በአራተኛው ድምፅ ወጣ፤ ያ የሚነዝረው ድምፅ። እየሰማችው እንደሆነ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ሚስተር ፋን «አጌን» አላት፣ «አጌን» አላት፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ አላሳረፋትም።

ልንወጣ ስንል በሩ ላይ ቆመችና ሳህኑን እያየች «ጥቂት ልውሰድ?» አለችው።

«ለቤትሽ ነው? እዚህ ስትመጪ አለልሽ እኮ።»

«ለኔ አይደለም» አለች ዘርፈሽዋል። «ማሽኖቹ ላይ አሁን አዳዲስ ልጆች ቆመዋል።»

ሽማግሌው ሳህኑን አንስቶ ያለውን ሁሉ ቦርሳዋ ውስጥ ገለበጠላት።