ተደራርቦ የተቆረጠው ቀሚስ

ልጅ ሳለሁ በእኛ ግቢ ተረት የሚነገረው ካውያ ሲግል ብቻ ነበር። ግቢያችን ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ብዙ ቤተሰብ አንድ የውሃ ቧንቧ የሚጋራበት ነው፤ ተረት ነጋሪያችን ጋሼ ሸምሱ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቀን ቀን አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይሰፋሉ፤ ሲመሽ ያልተተኮሰውን ልብስ ተሸክመው ይመጡና ደጃፋቸው ላይ የከሰል ካውያቸውን ያቀጣጥላሉ። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ኩራዝ ከጎናቸው አይለይም ነበር። እኛም ካውያው እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣውን እንፋሎት እያሸተትን፣ በቀዳዳዎቹ የሚታየውን ፍም እያየን እናዳምጣለን። ፍሙ ከጠፋ ተረቱም አለቀ፤ አያ ጅቦ ገደል አፋፍ ላይ ቢቆም እንኳ ጋሼ ሸምሱ ካውያቸውን አንስተው ይገባሉ። ስለዚህ ከሰል ለማምጣት የማይሽቀዳደም ልጅ አልነበረም።

እኔ ግን አልሽቀዳደምም። በሕፃንነቴ ልምሻ የግራ እግሬን ስለመታው የምሄደው በሁለት ክራንች ነው። በምትኩ ከካውያው አጠገብ ያለችው ዱካ የእኔ ነበረች፤ ይህችን ጥቅሜን ለማንም አላካፍልም።

ችግሬ ልብስ ነበር። መርካቶ ተወልዶ የሚለብሱት ማጣት የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው ነው፤ ጨርቁ በየሱቁ እስከ ጣሪያ ተከምሮ እኔን የሚሆነኝ የለም። እማዬ እንደ ሌሎቹ እናቶች «ታድግበታለች» እያለች ሰፋ ሰፋ ያለውን ትገዛልኛለች። ሰፊው ቀሚስ ክራንቼ ስር እየገባ ይጥለኛል፤ ጠበብ ያለውን ደግሞ ክራንቹ ብብቱን ወዲያው ይበላዋል። ኪስ የሌለው ልብስማ ዋናው ጠላቴ ነበር፤ ሁለቱም እጆቼ ተይዘው መሐረቤን በጥርሴ ነክሼ የምሄድበት ቀን ብዙ ነው።

ታናሽ አክስቴ ልታገባ ሆነና፣ አምስት የዘመድ ልጆች አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰን ከሙሽራዋ ፊት እንድንገባ ተወሰነ። እኔም ከአምስቱ አንዷ ነበርኩ፤ ደስታዬ እንቅልፍ ነሳኝ። ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ሮዝ ሳቲን ተገዛ፤ የሚሰፉትም ጋሼ ሸምሱ ሆኑ። የሠርግ ሰሞን ስለነበር ሥራ በዝቶባቸው የመርካቶ ሰፊ ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ፤ ከመካከላችን ትልቋን፣ የአጎቴን ልጅ ሄለንን ብቻ ለኩ፣ አምስቱን ጨርቅ ደራረቡና ሁሉንም በእሷ ልክ ቆረጡ። ትርፉን በኋላ ለእያንዳንዷ ማጥበብ ነው።

ቀሚሱን በሞከርንበት ቀን ልጆቹ ግቢው ውስጥ ይሽከረከሩ ጀመር። እኔም ልራመድ ስል ጠርዙ ክራንቼ ስር ገባና ቧንቧው አጠገብ ተዘረጋሁ፤ የብብቱም ስፌት ተተረተረ። ማንም አልሳቀም፤ መሽከርከራቸውን ትተው ማየታቸው ከሳቅ ባሰብኝ። እማዬ አንስታኝ አቧራዬን እያራገፈች ለአክስቴ ቀስ ብላ «እሷ ከእኔ ጋር ከኋላ ትቀመጥ፤ ሰው ፊት ከምትወድቅብኝ» ስትል ሰማኋት። ለእኔ ብላ ነው፤ ክፋት አልነበረባትም። እኔ ግን ያን ቀን እግሬን ጠላሁት።

ሲመሽ ልጆቹ መጥተው ጠሩኝ። ጋሼ ሸምሱ «ስንዱ ካልመጣች ካውያ አላቀጣጥልም» ብለዋል አሉኝ። እንደከፋኝ ወጥቼ ዱካዬ ላይ ተቀመጥኩ።

የዚያን ምሽት ተረት የአንበሳ ልጅ ሠርግ ነበር። ሰፊዋ ጦጢት ቸኩላ ሚዳቋን ብቻ ለካችና የእንስሳቱን ሁሉ ልብስ ደራርባ ቆረጠች። ቀጭኔ አንገቷ ብርድ ላይ ቀረ፤ ዝሆን ኩምቢውን ብቻ አልብሶ መጣ። አያ ጅቦ ከኋላው ዝቅ ያለ ነውና ልብሱን እየረገጠ ሲንከባለል ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አልሳቅኩም። አያ ጅቦ አፍሮ ወደ ዱር ሸሸና «ያዋረደኝ ይህ ወገቤ ነው» ብሎ የገዛ ወገቡን ሊነክስ ሲዞር፣ ጦጢት ሮጣ ደረሰችበት።

እዚህ ላይ ጋሼ ሸምሱ ካውያውን አቆሙት። ፍሙ ገና ቀይ ነበር። ከልማዳቸው ውጪ ተረቱን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ጦጢት ምን እንዳለችው እንጃ» አሉ። «እኔ ግን ልንገርሽ። ሳልለካሽ ቆረጥኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እግርሽ ምን አደረገ?»

ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም ነበር። አለቀስኩ። እሳቸውም እስክጨርስ ጠበቁኝና ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው «በይ ቁሚ» አሉኝ። እንደለመድኩት ክራንቾቼን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቀጥ ለማለት ታገልኩ፤ የለኩኝ ሁሉ «ቀጥ በይ» ነበር የሚሉኝ።

«ለምን አስቀመጥሻቸው? እንደምትሄጂው ቁሚ እንጂ።»

ክራንቾቹን አቀበሉኝና ትከሻዬ ከፍ እንዳለ ለኩኝ፤ ጠርዙ የት እንደሚደርስ ለማየትም እስከ በሩ አስሄዱኝ። ከዚያ ቀሚሱን ዘርግተው ጠመኔያቸውን ሰጡኝ፤ የሚያደናቅፈኝን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ እኔው እንዳሰምር። ጠርዙን አሳጠርኩ፤ ብብቱ ላይ ጨርቅ የሚደረብበትን ምልክት አደረግሁ።

«ሌላስ?»

«ኪስ።»

«የሠርግ ቀሚስ ኪስ አለው እንዴ?»

«እጄ እኮ ተይዟል ጋሼ። የእርስዎም ቢያዝ ይቸግርዎት ነበር።»

ሳቁና «እሺ፣ ሁለት ይሁንልሽ» አሉ።

በማግስቱ በረንዳቸው ላይ መኪናው ፊት አስቀምጠው ኪሶቹን ራሴ እንድሰፋ አደረጉኝ። ፔዳሉ ሁለት እግር የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር፤ በቀኜ ብቻ ስረግጠው ዞረ። አንዱ ኪሴ ጠመመ፤ አልፈቱብኝም።

በሠርጉ ቀን እማዬ ከኋላ ወንበር ይዛልኝ ነበር። እኔ ከአራቱ ጋር ከሙሽራዋ ፊት ገባሁ፤ አልወደቅኩም። ዘወር ስል እማዬ ቆማ ታጨበጭባለች፤ የእኔ ወንበር ላይ አንድ የማላውቃቸው እንግዳ ተቀምጠዋል።

ጋሼ ሸምሱ ካረፉ ቆየ። እኔ ዛሬም የምለብሰውን ሁሉ ራሴ እሰፋለሁ፤ ስፌቱንም፣ ልኩንም ያገኘሁት ከእሳቸው ነው። ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ አንድ ነገር ነው። ያን ይቅርታ ለብቻዬ ጠርተው በጆሮዬ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን የግቢው ልጅ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ በኩራዙ ብርሃን፣ ሁሉም እየሰማ ነበር የተናገሩት። ከዚያ ምሽት በኋላ ልጆቹ እግሬ ምን ሆኖ እንደሆነ መጠየቃቸውን ተዉ። አዲስ ልብስ በለበስኩ ቁጥር የሚጠይቁኝ ኪሱ ስንት እንደሆነ ነበር።