የአማቴ የሰገራ ምርመራ

ቤቴል ካለው ክሊኒክ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ደሜ ፈልቷል!

አማቴን ሆዳቸውን ካመማቸው ሰነባብቷል። በስንት ልመና ዛሬ ጠዋት ክሊኒኩ በሰጣቸው ዕቃ ሰገራ ይዘው፣ በፌስታል ጠቅልለው ከመጸዳጃ ቤት ወጡና ሄድን።

"ጃርዲያ ነው" ተባለ፤ መድኃኒት ታዘዘ። እፎይ አልኩ።

ታክሲ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "እኔ እንኳ መድኃኒቱን አልውጠውም።"

"ለምን እማዬ?"

"የኔ አይደለማ! የራሴን እንዴት ለሰው አሳያለሁ? የሚጣን ነው የሰጠሁት። የልጅ አያሳፍርም።"

ሚጣ ልጄ ናት። ጠዋት "ሆዴን" ስትለኝ "ላለመማር ነው" ብዬ የሸኘኋት ልጄ!

አሁን እሷን ላሳክም ትምህርት ቤት እየሮጥኩ ነው። አማቴ ግን ገና አልተመረመሩም።

ሰገራ እንዲሰጥ ሽማግሌ የላካችሁበት ሰው ካለ፣ እንዴት እሺ እንዳለ ጻፉልኝ።