በአያ ቢተው በቅሎ ላይ የጫንሁት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየጾሙ እየሄድሁ ትንንሹን ኃጢአቴን እዘረዝራለሁ፤ ይህችኛዋ ምላሴ ላይ ስትደርስ ግን እውጣታለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገራት።

አያ ቢተው የታላቅ እህቴ የየሺ ባል ነበር። እሷን እታለም ነበር የምላት። እንደ እሱ ያለ ደፋር መንገደኛ በአገራችን አልነበረም። ዓባይን በተነፋ አቁማዳ ተንሳፎ ይሻገራል፤ ወለጋ ወርዶ ቡና ጭኖ ይመለሳል። በተመለሰ ቀን ያገሩ ሰው ወሬ ሊሰማ ቤቱን ይሞላዋል። ዛሬ ፍኖተ ሰላም በሚባለው፣ ያኔ ወጀት በምንለው አገር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የላህ ወንዝ ሞልቶ ሬሳ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ሳይደርስ ያድር ነበር። ሰውን በየቤቱ ለምኖ፣ ግንድ አስቆርጦ፣ ውሃው ውስጥ እስከ ደረቱ ቆሞ ድልድይ ያሠራ አያ ቢተው ነው። ቤቱ ሲገባ ልጆቹ ትከሻው ላይ ይወጣሉ። ሕፃኗን በአንቀልባ አዝሎ ደጅ ሲንጎራደድ ወንዶች ይስቁበት ነበር፤ እሱ ምን ቸገረው!

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሲሠራ እታለም ፈራች። ባሏን ታውቀዋለች፤ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ጠረጠረች። ልጆቹን ፊቱ አቁማ፣ "በእነዚህ ማልልኝ" አለችው። ከአርበኞቹ ነገር ላይገባ ማለላት። እኔ እዚያው ነበርሁ።

አዎ፣ መሐላውን ሰምቼ ነው ያደረግሁት። አርበኞች ከቡሬ ወዲያ ላለ ሰዋቸው ጥይት እንዳደርስላቸው ለመኑኝ። ጀግና መባል አማረኝ፤ መፈተሽን ግን ፈራሁ። አያ ቢተውን ለጣሊያን ያደሩት ባንዳዎች እንኳ ያከብሩታል፣ እሱን አይነኩትም ብዬ፣ ለቡሬ ገበያ በበቅሎው በርበሬ በጫነ ዕለት ጥይቱን ሳልነግረው ስልቻው ውስጥ ከበርበሬው ሥር ቀበርሁበት። የራሴ አህያ ከጎኑ ቆማ ነበር። ለምን በእሷ አልጫንሁትም?

አህያዬን እየነዳሁ አብሬው ሄድሁ፤ ቡሬ መግቢያ ላይ ባንዳዎች አስቆሙን። ባንዳው እጁን ስልቻው ውስጥ ሰዶ ጥይቱን ሲያወጣ አያ ቢተው ደነገጠ። ከዚያ ዞሮ ፊቴን አየ፤ ነገሩ ገባው።

"የማን ነው ይህ?" አለ ባንዳው።

እኔ የአህያዬን ጭነት ማጥበቅ ጀመርሁ።

"በቅሎዋም ጭነቱም የኔ ነው" አለ አያ ቢተው። "ይህ የሚስቴ ወንድም ነው። ምንም አያውቅም፤ ልቀቁት።" ወደ እኔ ዞሮም፣ "ሂድ አንተ፣ ለልጆቹ ድረስላቸው" አለኝ።

ሄድሁ። የኔ ነው ማለት አቅቶኝ ሄድሁ። እሱን ገበያው መካከል ሰቀሉት።

እታለም ደረቷን ስትደቃ ቆይታ ድንገት ያዘችኝ። "በልጆቼ ማሎልኝ ነበርኮ! ዋሽቶኝ ነው?" አለችኝ።

"እኔ ምኑን አውቄ፣ እታለም" አልኋት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኀዘኗ በባሏ ላይ ቂም ሆነ። ጣሊያን ሲወጣ አገሩ ተሰብስቦ የአያ ቢተውን ስም አነሳ፤ ጥይት ሲያቀብል የሞተ አርበኛ ተባለ። እኔም፣ እኔ ራሴ፣ ተነስቼ አወደስሁት። እታለም ነጠላዋን ሰብስባ ከጉባኤው ወጣች። እኔ ማሳዋን አረስሁላት፤ ልጆቿን አሳደግሁ፣ ዳርሁ። ሰው ደግ አጎት ይለኛል። እኔም ምርቃታቸውን እቀበላለሁ።

ልትሞት ስትል እጇን ይዣት ነበር። "ከሱ አጠገብ እንዳትቀብሩኝ" አለች። "ከልጆቹ ጥይት በልጦበት የሄደ ሰው ነው። ከአባቴ ደብር ውሰዱኝ።" ያኔም "እሺ" አልኋት። ወስጄ ካባታችን ደብር ቀበርኋት።

ወጣት ነበርሁ፣ ፈራሁ ልበል? ቡሬ ላይስ ፈራሁ። እታለም አልጋ አጠገብ ግን ማን ጠመንጃ ደግኖብኝ ነበር?

ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር ማለት የሚገባቸው ሁለቱም አፈር ውስጥ ናቸው። ልጆቹን አስጠርቻቸዋለሁ፤ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ የሚሉኝን ይበሉኝ። አባታቸው እናታቸውን አልዋሻትም። የዋሸኋት እኔ ነኝ።