እጅ የፈራ ጀርባ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ የቆምኩት ስለ ጀርባዬ ልመሰክር ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። ጌታ ለዚህ ጀርባ ያደረገውን ሳልናገር ግን አልቀመጥም።

የማንኩሳ ልጅ መሆኔን ታውቃላችሁ። ጌታን ሳላውቅ ሸክሜን ማንም እንዲያግዘኝ የማልፈቅድ እልኸኛ ነበርኩ። ካመንኩም በኋላ እልሁ አልለቀቀኝም። ስሙ ይባረክ፣ ኋላ ጠቅሞኛል።

ከቡሬ ገበያ ስንመለስ በቆሎ የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍረን ነበር። መንገድ ላይ ተገለበጠ፤ ጆንያው ሁሉ ጀርባዬ ላይ ተከመረ። የሰው ድምፅ ይሰማኛል፣ መተንፈስ ግን አልቻልኩም። ጆንያውን አንስተው አወጡኝና ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሙ ራጁን አይቶ «አጥንትሽ ደህና ነው፤ ፈጣሪሽን አመስግኚ» አለኝ። አሜን ብዬ ቤቴ ገባሁ።

አጥንቴ ደህና ነው፤ እኔ ግን ደህና አልነበርኩም። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ተሰቅሎ ቀረ፣ እንቅልፍም ጠፋ። አንድ ቀን ትንሿ ልጄ ሊዲያ ከኋላዬ መጥታ አንገቴን ስታቅፈኝ አሽቀንጥሬ ጣልኳት። ግንባሯ ተላጠ። ከዚያ ወዲህ ከፊት ለፊቴ ራቅ ብላ ትቆምና «እማ፣ ልምጣ?» ትለኛለች። ልጅ እናቷን ለማቀፍ ፈቃድ ስትጠይቅ እንደማየት ያለ ሕመም አላውቅም።

ወደዚህ ጸሎት ቤት መጣሁ። ሽማግሌዎቻችን ከበውኝ እጃቸውን ሲጭኑብኝ ጮህኩ፣ ወደቅሁም። ጋኔኑን መገሠጽ ጀመሩ። ጋሼ ታደለ ይኸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ከባድ መሆኑን ታውቃላችሁ። «ጋሼ፣ ጋኔን አይደለም፣ ጆንያው ነው» ብላቸው «ይኸው ስሙን ተናገረ!» አሉ።

አልተቀየምኳቸውም፤ የረዱኝ መስሏቸው ነው። እኔ ግን ልጄ ሳትፈራ ጀርባዬ ላይ እስክትታዘል ድረስ አልተውም ብዬ ቆረጥኩ። ተመልሼ ሐኪም ቤት ሄድኩና የሆንኩትን ሁሉ ተናገርኩ። የአእምሮ ጤና ባለሙያዋ አደጋው ከልቤ እንዳልወጣ ነገረችኝ። እያማከረችኝ፣ በጎን ደግሞ እንድታሽ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከችኝ። እዚያ ያገኘኋት ሲስተር አበባ ማተብ ያሰረች ሴት ናት።

«ከመንካቴ በፊት እነግርሻለሁ፤ በቃ ስትይኝ እጄን አነሳለሁ» አለችኝ።

«ብዙ ቀን ቢወስድብሽስ?»

«ይውሰድ። ሰውነትሽ ገና ከጆንያው ሥር አልወጣም። በጉልበት አላወጣውም፤ እስኪያምነኝ እጠብቀዋለሁ።»

መጀመሪያ መዳፌን ብቻ አሸችኝ። ቀጥሎ ክንዴን። ትከሻዬ ላይ ስትደርስ «በቃ» አልኳት፤ እውነትም አነሳች። ተስፋ ቆርጬ እቤቴ የዋልኩበት ቀን አለ። በማግስቱ ግን ተነስቼ ሄጃለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን እጇ ጀርባዬ ላይ እንዳለ ዕንባዬ መጣ፣ ትከሻዬም ቀስ ብሎ ወረደ። ጌታ እንኳ ያን መጠመቂያው ዳር ለዓመታት የተኛ በሽተኛ መዳን ትፈልጋለህ ወይ ብሎ አስቀድሞ እንደጠየቀው ያኔ ትዝ አለኝ። እኔ የእሱንም እጅ እንደ ጆንያ እፈራው ነበር። እዚያው አልጋ ላይ ተኝቼ «ጌታዬ፣ ና፣ ፈቅጃለሁ» አልኩት። ሃሌ ሉያ፣ የታገሠኝ አምላክ ይመስገን።

«ከእኛ ወገን አይደለችም» ያላችሁኝ ሰምቻችኋለሁ። ጌታ በማን እጅ እንደሚሠራ እኔን አላማከረኝም፤ እናንተንም የሚያማክራችሁ አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት ጎንበስ ብዬ ልብስ ሳጥብ ሊዲያ ሳትጠይቅ ከኋላዬ መጥታ ተንጠለጠለችብኝ። ደነገጥኩ፣ አልዋሽም። ግን አልጣልኳትም። አዘልኳት።

«እማ፣ መጠየቁን ረሳሁት እኮ» አለችኝ።

«እርሺው» አልኳት።

ወገኖቼ፣ ገና አልጨረስኩም፤ የመኪና ድምፅ አሁንም ያስደነግጠኛል። ከእናንተም ሰው ሲነካው የሚሸማቀቅ ካለ አይፈር። ይጸልይ፣ ሐኪም ቤትም ይሂድ፣ ለጌታም ራሱን ይስጥ። እጁ አይጫንም፣ ይደግፋል። እመኑት።

አሁን፣ ጋሼ ታደለ፣ ይምጡና እጅዎን ይጫኑብኝ። ከኋላዬ ይምጡ፤ አልዞርም። ብቻ ሲደርሱ ይንገሩኝ።