ደፉ ላይ ያጋደምኩት ሳር

ፖሊሶቹ የመጡት ልጄን ፍለጋ ነበር። ቤት ሲያጡት እኔን ይዘው ሄዱ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ "ማምለጥ ቀርቶ ደረጃ መውረድም ያቅተኛል፣ አትግፉኝ" ብላቸው አንዳቸውም አልሳቁም።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ሽታው ከግድግዳው አልወጣም። የአርባ ምንጭ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ሲሚንቶው ወለል ላይ ጀርባዬን አጣብቄ እተኛለሁ።

በማግስቱ ልጄ በገዛ እግሩ መጣ። "የምትፈልጉት እኔን ነው፤ አባቴን ልቀቁት" አላቸው። እኔን ሳይለቁ እሱን አጠገቤ አስገቡት። ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? የሙዝ ማሳቸው በዶዘር የተጠረገባቸውን ገበሬዎች እሮሮ በስልኩ ቀርጾ ለሕዝብ ለቀቀ።

ተናደድኩበት። እኔ ያደግሁት ደጋ ነው። በእኛ ወግ በደል ሲኖር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ይሄዳል፤ ይንበረከካል። ሳር የያዘን ሽማግሌ ረግጦ የሚያልፍ የለም፤ ጦር የመዘዘም ይቆማል። የእኔ ልጅ ግን ስልኩን ይዞ ይሮጣል።

"አንተስ ለገበሬዎቹ ሽማግሌ ሆነህ ባለሥልጣናቱ ጋ ሄደህላቸው አልነበር እንዴ፣ አባ?" አለኝ፣ እናቱ የላከችልንን የበቆሎ ቁርቁፋ እየጎረሰ። "ምን ተባላችሁ?"

"ነገ ኑ ተባልን።"

"በነጋታውስ?"

"በነጋታውም ነገ ኑ ተባልን።"

ሳቀ። ሳቁ አበሸቀኝ፤ እውነት ስለነበረው ደግሞ ይበልጥ አበሸቀኝ።

ያሳሰረን ኃላፊ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ ካሜራ ፊት ቆሞ "ያሰራጨሁት ሁሉ ውሸት ነው" እንዲል። ደበደቡት፤ አላለም። እኔም አንጀቴ አልችል ብሎ "ሁለት ቃል ተናገርና እናትህ ጋ ግባ" አልኩት።

"ከዚያ በኋላ የገበሬዎቹን ፊት በምን ዓይኔ ነው የማየው?" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኃላፊው ራሱ መጣና በሩን አስከፈተ። የአገር ልጅ ነው፤ አባቱን አውቃቸዋለሁ። በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ከግቢው የታጨደ እርጥብ ሳር ይዟል። ሳሩን ዘረጋልኝ።

"አባታችን፣ ወጉን እርስዎ ያውቁታል። ልጅዎ ፊት ተንበርክከው ይለምኑት። የእርስዎን ሳር አይገፋም። ዛሬውኑ ሁለታችሁም ቤታችሁ ትገባላችሁ።"

ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። ዱላ ያላስፈራው ልጅ ያኔ ፈራ። ብንበረከክለት እምቢ ማለት እንደማይችል ገባኝ፤ እሱም ገብቶታል። ለካ ወጋችን እሱም ውስጥ አለ! ደስ አለኝ፤ በዚያ ቦታ ደስ ይላል ከተባለ።

ሳሩን ተቀበልኩ።

"ሳር የሚያዘው የተጣላ ለማስታረቅ ነው" አልኩት ኃላፊውን። "እኔ ከልጄ ጋር አልተጣላሁም።"

ጎንበስ ብዬ ሳሩን በሩ ደፍ ላይ፣ በእሱና በእኛ መካከል አጋደምኩት።

"የተጣላነው ካንተ ጋር ነው። ከቻልክ ተሻገረው።"

የጫማው ጫፍ ሳሩ ጋ ደረሰና ቆመ። ከኋላው ያለው ዘበኛ አቀርቅሯል። ኃላፊው ሳሩን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እየተሳደበ ተመለሰ። ዘበኛው ሳሩን ላለመንካት በሩን ቀስ ብሎ ገፍቶ ዘጋው።

ከዚያም በኋላ ብዙ ቆየን። ሳር እስር ቤት አይከፍትም፤ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። ነገር ግን ልጄ ያን ቃል ሳይናገር ወጣ፤ እኔም ሳልንበረከክ ወጣሁ።

ዛሬም አንግባባም። "ያን ቀን ሰውዬውን ቀርጬው ቢሆን ኖሮ!" ይላል። "ቀርጸኸው ቢሆን ኖሮ ለካሜራው ሲል ይሻገረው ነበር" እለዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ወደ ገበሬዎቹ ሊመለስ ስልኩን ቻርጅ ሲያደርግ አየሁትና ጫማዬን አጠለቅሁ።

"ወዴት ነው፣ አባ?"

"አብሬህ ነዋ!"

አልተከራከረኝም። ከግቢው ስንወጣ አጥሩ ሥር ጎንበስ አለና አንድ እፍኝ እርጥብ ሳር ነጭቶ ሰጠኝ።