ለየብቻ ያቀረብሁት ምሳ

ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል። ደባርቅ ውስጥ ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ሰዎች ቅዳሜና እሁድ ምሳ ለማብላት የሰፈራችን ሰዎች ተስማምተን፣ የመጀመሪያው ምሳ ሊቀርብ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ቤቱ የእድሩ አዳራሽ ነው። አግዳሚ ወንበሩም፣ ድስቱም፣ ሳህኑም እድሩ ለለቅሶ የሚያውላቸው ናቸው። እኔ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቆም አቅቶኛል።

ሥራ ስንከፋፈል ሳህን ማዘጋጀትን የመረጥሁት ራሴ ነኝ። ሰው ፊት መናገር አልወድም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንኳ ምግብ አዳራሽ የምገባው ሰልፉ ሲሳሳ ነበር፤ ስቀመጥም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው። የተማርሁት ሥነ ምግብ ስለሆነ ግን አቀራረቡን ብዙ አስቤበት ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሳህን፤ በሳህኑ አንድ ተኩል እንጀራና ሁለት ጭልፋ የድንችና የክክ ወጥ። ጉልበት ያለው የደካማውን እንዳይሻማ፣ ማንም ሳይሳቀቅ ድርሻውን እንዲበላ ብዬ ነው። ሠላሳውን ሳህን በረድፍ ደርድሬ ስጨርስ ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ዞሬ አየኋቸው።

ወጡን የሠራችው ጎረቤቴ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት፤ አፏ አያርፍም። «አንቺ ልጅ፣ ፈተና ልትፈትኛቸው ነው እንዴ?» አለችኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ መምጣት ጀመሩ። ነፋሱ ከተራራው በኩል ይቆርጣል፤ ሁሉም የደረበውን እስከ ጆሮው ስቦታል። በክራንች የሚሄድ አንድ ጎልማሳ የእድሩን ወንበሮች ሲያይ በሩ ላይ ቆመና፣ «እግዜር ያጥናችሁ! ማነው የሞተው?» አለ።

«ገና አልሞትህም፤ ግባ!» አለችው ወጥ ሠሪዋ።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ተቀመጡ፣ አንድ ሽማግሌ ቆመው ባረኩ። ከዚያ ግን እጁን ወደ ሳህኑ የሰደደ ሰው የለም። የሁሉም ዓይን ከዳር ወደተቀመጡ አንዲት እናት ነበር። ከተራራው መንደር ከአምባራስ በኩል የመጡ ናቸው፤ ያደፈ ጋቢ ለብሰዋል፤ አቀማመጣቸው ግን የድግስ ባለቤት ይመስላል።

«ልጄ» አሉኝ ረጋ ብለው። «ያመመን መስሎሽ ነው?»

«ኧረ እማማ! ምነው?»

«እንግዲያ ምን አግኝቶን ለያየሽን? በእኛ አገር ሳህን የሚለይለት በሽታው የሚፈራ ሰው ነው።»

አጠገባቸው ያሉት ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ሁለት ሴቶች ተከተሏቸው፤ ባለ ክራንቹም ክራንቹን አነሣ። በሩ ላይ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ ምንም ያልቀመሱ አሉ። እንዳይሻሙ ብዬ ባደረግሁት ጥንቃቄ ሠላሳ ሰው ጾሙን ሊመለስ ነው። ወጥ ሠሪዋ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀርታለች።

«እማማ፣ አይሂዱብኝ! ጥፋቱ የእኔ ነው!»

ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

«እንዳትሻሙ ብዬ እንጂ ንቄ አይደለም። አሁን አንድ ላይ አደርገዋለሁ። ትሪ! ትሪዎቹን አምጪልኝ!»

«ኧረ አፍ አላት!» አለች ወጥ ሠሪዋ፣ ወደ ጓዳ እየሮጠች።

እንጀራ ያመጣንባቸውን ስድስት ሰፋፊ ትሪዎች ይዛ መጣች። የሳህኖቹን ምግብ ትሪዎቹ ላይ መገልበጥ ጀመርሁ። እማማ ቆመው ያዩኛል። ሦስተኛው ሳህን ላይ ስደርስ ዝም ማለት አልቻሉም።

«እንደሱ አይደለም። እንጀራውን ዘርጊው፣ ወጡን መሐል። ለአምስት ለአምስት ሰው ይሁን።»

ከዚያም ተመልሰው ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ ሁሉም ተቀመጠ። ልጮህ ምንም አልቀረኝ!

«አንቺስ?» አሉኝ።

«እኔ ኋላ እበላለሁ።»

«እንግዳ ጠርተሽ ልታዪን ነው? ታጠቢና ነይ።»

ከእሳቸውና ከባለ ክራንቹ መካከል ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቼ ተቀመጥሁ። ገና ሳልቀምስ እማማ የጠቀለሉትን ጉርሻ አፌ ላይ ደቀኑት። ቡጢ ያክላል።

«በደንብ ክፈቺ እንጂ!»

«የመንግሥት ሠራተኛ ሳትሆን አትቀርም፤ አፏም እንደ ደመወዟ ትንሽ ነው» አለ ባለ ክራንቹ።

አፌ ሙሉ ሆኖ ሳቅሁ፤ ድንቹ በአፍንጫዬ ሊወጣ ነበር። አላፈርሁም። የመጀመሪያውን እንደዋጥሁ ሁለተኛው መጣ። እኔም ጠቅልዬ ለእማማ አጎረስሁ፤ ወጡ እጅጌዬ ላይ ቢንጠባጠብም ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ። በየትሪው ዙሪያ ጫጫታ ነው። አንዱ ሌላውን «ብላ እንጂ!» ይለዋል፤ የሚሻማ ግን አላየሁም። ትሪዎቹ ባዶ ሲሆኑ ፊቴ በደስታ ይግል ነበር።

ሲወጡ ተከትያቸው፣ «እማማ፣ ነገም ይመጣሉ?» አልኋቸው።

«ማንን ከማን ጋር እንደምታስቀምጪ ሳታውቂ?» አሉና ሄዱ። ይምጡ ይቅሩ አላወቅሁም።

በማግስቱ ቅዳሴ እንዳለቀ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር አገኘኋቸው። ደጁን ስመው ከሚያልፉት መካከል ወጥቼ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና፣ ሳላመነታ ደብተሬን አወጣሁ።

«እማማ፣ ማንን ከማን ጋር ላስቀምጥ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ጻፊ» አሉ። «ዓይነ ስውሩን ከአዛኝ ሰው ጋር። ሕፃን የያዘችውን ከድስቱ አጠገብ፣ ልጇ ቶሎ ይርበዋል። እነዚያን ሁለቱን ጭነት ተሸካሚዎች ለያዪያቸው፤ ትናንት ተኳርፈዋል።»

ጽፌ ስጨርስ እጄን ይዘው ተነሡ። አዳራሹ እስክንደርስ ቀስ እያልን ሄድን፤ ከዚያ እሳቸው መሐል ቆመው እያዘዙ እኔ አግዳሚ ወንበሮቹን ከግድግዳ እየጎተትሁ በየትሪው ዙሪያ አስቀመጥሁ።