ለማሲንቋችን ማጉያ ፍለጋ ዳንግላ

ከእንጅባራ የተነሣሁት ተቆጥቼ ነው። ልጄ እናትነሽ በአንድ ሰርግ ላይ ማሲንቆ ስትጫወት ዳሱ ጥግ የተቀመጡት "ምንም አይሰማም!" እያሉ አስቆሟት። ማሲንቆውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሳጥኑን ከዋንዛ፣ ጭራውን ከራሳችን ፈረስ። በመጪው እሑድ ግምጃ ቤት ከተማ ሌላ ሰርግ አለባት። የሙሽራው አባት "ካልተሰማች ኦርጋን አመጣለሁ" ብሎናል። ኦርጋን ከመጣ ደግሞ በዚህ አገር ዳግም የሚጠራት የለም። ስለዚህ ርካሽ፣ በትከሻ የሚንጠለጠል፣ መብራት በሌለበት የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ልንገዛ አብረን ወጣን።

መንገድ ላይ

የሚኒባሱ ረዳት ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አራት ጠቀጠቀን። አልበቃው ብሎ ማሲንቆውን አየና፣ "አባት፣ ለዚችም ይክፈሉ፤ ቦታ ይዛለች" አለኝ።

"ጭኔ ላይ ናት! ለጭኔም ልክፈልህ?"

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አዲስ ቅዳም እስክንደርስ በመስኮት የማየው አፉ በቅጠል የተደፈነ የከሰል ማዳበሪያ ነበር። ትናንት እህል ይዘራበት የነበረው መሬት ሁሉ ለከሰል ዛፍ ተሰጥቷል። ገንዘቡ ደግ ነው፤ ከሰል ግን አይበላም።

ዳንግላ

ከመናኸሪያ በጋሪ ገባን። ባለጋሪው የእናትነሽን ማሲንቆ አየና "እባክሽ እቴ፣ የፈረሴን ጭራ እንዳትነቅይብኝ!" አላት። የቀኑ ደግ ቃል ይኸው ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ሱቅ ልጅ ባለጎማና ባለቀለም መብራት ማጉያ አወጣ። "ሁለት ሺህ ዋት ነው ጋሼ! ከተማ ያናውጣል!"

"ሶኬቱን ንቀለው" አልሁት።

ነቀለው፤ ማጉያው ጸጥ አለ። "ባትሪው ስላልሞላ ነው" አለ፣ ሳያፍር። ትተነው ወጣን።

ሁለተኛይቱ ነጋዴ ሳንቲም የምታክል ማይክ የማሲንቆው ቆዳ ላይ ለጠፈች። ማጉያው በባትሪ ሠራ። እናትነሽ ስትጀምር ግን ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ዝንብ ዓይነት ድምፅ ጮኸብን።

"ስፒከሩ የተቀደደ ነው!" አልኋት።

"አባባ፣ ከዕቃዎ ይሆናል።"

"ከእኔ? በእጄ ከሠራሁት?"

ሴትዮዋ ድምፅ የሚያስተጋባውን፣ የኢኮውን ቁልፍ ከፍ አደረገች። ማሲንቆው ዋሻ ውስጥ የሚጮህ መሰለ፤ ዝንቡም ጠፋ። ነውርን በጩኸት መሸፈን ንግድ ሆኗል ብዬ ተናግሬ ወጣሁ።

ሦስተኛው ሱቅ ትንሽ፣ ግራጫ፣ መብራትም ኢኮም የሌላት ማጉያ ነበረችው። ዝንቡ እዚያም ጮኸ፤ እንዲያውም በረታ። ዳንግላ በሙሉ የተቀደደ ዕቃ ነው የሚሸጠው ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት፣ እናትነሽ እጄን ይዛ ጣቴን የማሲንቆው ጥግ ላይ አስቀመጠች።

"እዚህ ጋ ይጫኑልኝ።"

ተጫንሁ፤ ደጋኑን ሳበች። ዝንቡ የለም። የጠራ የማሲንቆ ድምፅ ሱቁን ሞላው። ከጣቴ ሥር ቆዳው ከእንጨቱ መልቀቁ ይታወቀኛል።

"መቼ አወቅሽ?"

"ካለፈው ሰርግ በፊት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

ደጋኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "ሲቆጡ ማን ይናገርዎታል፣ አባባ?"

ባለሱቁ ንጹሑን መደርደሪያ መወልወል ጀመረ።

ምንም ያልሸፈነችውን ግራጫዋን ከነማይኳ በአንድ ሺህ ስድስት መቶ ብር ገዛኋት። ማጉያ የምትገዙ ሰዎች፣ ሶኬቱን አስነቅሉ፤ ኢኮውን አስጠፉ፤ የራሳችሁን መሣሪያ ይዛችሁ ሂዱ። የምትሰሙትንም ለመቀበል ተዘጋጁ፤ እኔ አልተዘጋጀሁም ነበር።

ቤት

ስንመለስም ቁጣዬ አልበረደም፤ የማወርድበት ሰው ግን አጣሁ። ቆዳውን በውኃ አርሼ፣ ወጥሬ እንደገና ሰፋሁት። ሲደርቅ ለሙሽራው አባት ደወልንና ስልኩን ግቢው ማዶ አጥሩ ላይ አስቀመጥሁት። እናትነሽ ግራጫዋን ማጉያ አንጠልጥላ ከቤት በራፍ ሆና ተጫወተች።

"ስልኩ አጠገብ ሆና ነው እንዴ?" አለ ሰውዬው።

"ከግቢው ማዶ ናት።"

"በል፣ ኦርጋኑን ትቼዋለሁ በላት።"

ነገርኋት፤ ሳቀች። ሃያ ሁለት ዓመት አሳድጌያት ያልጠየቅኋትን ያን ጊዜ ጠየቅኋት፦ "ሌላስ ምን ጉድለት አለው?"

እየቀለድሁ እንዳልሆነ እስክታረጋግጥ ፊቴን ብዙ አየችው።

"ደጋኑ አጭር ነው" አለች፣ ቀስ ብላ።

ቁጣዬን ዋጥሁት። ቢላዬን ይዤ ረዘም ያለ ቅርንጫፍ ፍለጋ ወጣሁ።